ከማሉዲን ያስመዘገበው መንዙማ

ከማሉዲን ድምፀ መልካም ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምለው ሌላ ደግ ነገር የምናገርለት ስለሌለኝ ነው። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት መጋዘን ይሠራል፤ እሁድ እሁድ ሮተርዳም፣ ከወሎ የመጡ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ሐድራ ላይ መንዙማ ያወጣል።

አምና ስለ አውሮፓ የቅጂ መብት ሕግ የሚያወራ ቪዲዮ አየ። የቪዲዮ መድረኮች ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለተጫነ ሥራ ተጠያቂ እንደሆኑ፣ አቤቱታ ሲቀርብም እንደሚያወርዱት ሰማ። ደራሲ መብቱን የሚያገኘው በመድረሱ እንጂ በመመዝገቡ እንዳልሆነ የሚናገረውን ክፍል ግን ሳያይ ዘጋው። ገመንተ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤት፣ ሄዶ አድራሻውን እንደሚያስመዘግበው ሁሉ፣ ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ የሚወስድ መሰለው። ስለዚህ ሮተርዳም አጠገብ ስኪዳም የሚኖሩት እማማ ዓሊያ የደረሱትን መንዙማ በራሱ ድምፅ ቀርጾ፣ «ግጥምና ዜማ ከማሉዲን» ብሎ አንድ የኢንተርኔት ሙዚቃ አከፋፋይ ዘንድ አስመዘገበው።

የመንዙማ ደራሲ በመጨረሻው ስንኝ ስሙን ያነሳል፤ የሰማው ሁሉ ዱዓ ያደርግለታል። እማማ ዓሊያ ከዚህ ሌላ ክፍያ ጠይቀው አያውቁም። ከማሉዲን ስንኙን ቆርጦ ጣለው። ብዙም ሳይቆይ የልጅ ልጃቸው ሱሀይላ የጫነችው፣ እማማ ራሳቸው የሚያዜሙበት ቪዲዮ በእሱ አቤቱታ ወረደ። እማማ ዓሊያ የከማሉዲንን መብት ጥሰዋል ተባለ።

ሱሀይላ ለመድረኩ ተቃውሞ አስገባች። ከዚያም ሐድራው በር ላይ ጠብቃ ያዘችው። እዚህ ሆላንድ ያደገች ናት፤ አንቱታ ብዙም አይሆንላትም።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ታላቅሽን አንተ አትበይ።»

ክብር ጎደለብኝ ባዩ እሱ ነበር እንግዲህ።

እማማ ዓሊያ ስለ ቪዲዮው ብዙ አልተናገሩም። «ስሜ ከወጣ ማን ዱዓ ያደርግልኛል?» ብቻ አሉ።

የመውሊድ ዕለት ከማሉዲን የሐድራው ሰዎች አምስተርዳም በተከራዩት አዳራሽ ማይክራፎኑን ከአፉ አጣብቆ፣ በስልኩ በቀጥታ እያስተላለፈ ያንኑ መንዙማ አወጣ። የቆረጠው ስንኝ ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ተቀባዮቹ ግን ከእማማ አፍ የለመዱት ነውና ዝም አላሉም። ድቤው ቀጠለ፦

«ዓሊያ ናት ያለችው፣ ስኪዳም ተቀምጣ፣
ዱዓ አድርጉላት፣ ምሕረት እንዳታጣ።»

የሐድራው ሸህ እጃቸውን ዘርግተው ለዓሊያ ዱዓ አደረጉ። ዱዓ ሲደረግ አሚን የማይል ሰው የለም፤ ከማሉዲንም አለ። ማይክራፎኑ እሱ ጋ ስለነበር ከአዳራሹ ሁሉ ጎልቶ የተሰማው የእሱ አሚን ሆነ።

ሱሀይላ ስርጭቱን ማስረጃ ብላ ከተቃውሞዋ ጋር አያይዛ ላከች፤ የእማማ ቪዲዮ ተመለሰ። ጉልበታቸውን አሟቸው ቤት ለቀሩት ለእማማም ስርጭቱን ከፈተችላቸው።

«ድምፁስ ያምራል» አሉ። «እስቲ አሚኑን ድገሚልኝ።»

ከማሉዲን ዛሬ አሚን ያለበትን የቪዲዮ ቁራጭ ሰዎች ያለ ፈቃዴ እየተቀባበሉት ነው እያለ ይከሳል። አሚኑ የእሱ እንደሆነ የካደው ሰው ግን የለም።