ቢላዋ የሚበላው ጠርዝ

የማስቲሽ ቆርቆሮ ሲከፈት የሚሸተውን ታውቀዋለህ? ባለፈው ሳምንት አንድ ጫማ ሰፊ ከኮንዶሚኒየማችን በር ሥር ተቀምጦ ማስቲሹን ከፈተና፣ ሽታው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መጣብኝ። የልጅ ልጄ ቅልጥሜን እያጠበችልኝ ነበር። ደረጃው የላጠኝ ቁስል ሁለት ወር ሞላው፣ አልገጥም ብሎ።

«እርጅና ነው አይደል?» አልኳት።

«ስኳር የለብዎትም ብለዋል ሐኪሞቹ። እንግዲህ እርጅናም ሳይኖርበት አይቀርም፣ አባባ።»

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ይህንኑ ነው፤ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ቁስል የሚገጥመው ሴሎች እየተከፈሉ ሲበዙ ነው። ሴል ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤ የሚባለውን፣ አሠራሩ የተጻፈበትን ረጅም ክር ይገለብጣል። ገልባጩ ግን የክሩን መጨረሻ ሙሉ በሙሉ አይደርስበትም፤ በተገለበጠ ቁጥር ጫፉ ትንሽ ያጥራል። ለዚህ ነው ጫፉ ላይ ቴሎሜር የሚባል መከታ የተቀመጠው፤ የሚያልቀው እሱ ነው፣ ዋናው ጽሑፍ እንዳይነካ። ቴሎሜሩ በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፈሉን ያቆማል።

«የሚያስረጀን ግን ይህ ብቻ አይደለም» አለች።

ይህን ነገር እኔ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ቆዳ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አይቼዋለሁ።

ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጫማ ቤት ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ጎን ለጎን ቆዳ እንቆርጥ ነበር። ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ቢላዋችን ላይ ታብለጨልጭ ነበር። የካርቶን ልክ ቆዳው ላይ ታጋድምና ቢላዋውን በጠርዙ ታስኬደዋለህ። ቢላዋው ታዲያ ቆዳውን ሲቆርጥ ካርቶኑንም በዓይን የማይታይ ያህል ይልጠዋል። ስለዚህ ጌታችን፣ የጫማ ቤቱ ባለቤት፣ በተረከዙ በኩል ትርፍ ይተውና ቀይ መስመር ያሰምር ነበር። ትርፉ ተበልቶ ቀዩ ጋ ሲደረስ ካርቶኑ ይቃጠላል፤ አዲሱ የሚወጣው ቢላዋ ከማይነካው ዋና የእንጨት ልክ ብቻ ነው።

«ከካርቶን ካርቶን የቀዳ እጁን እሰብረዋለሁ» ይለን ነበር።

ሰውነታችን የእንጨት ልክ የለውም እንግዲህ፤ ከግልባጭ ግልባጭ ነው።

የፋሲካ ሰሞን ሥራው በዛ። ጌታችን እንጨቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ሄዷል። እኔ ቸኮልኩ። ያለቀውን ካርቶን አዲስ ካርቶን ላይ አስቀምጬ ቀዳሁና ቀዩን መስመር በግምት አሰመርኩ። ሁለታችንም በእሱ ስንቆርጥ ዋልን።

በማግሥቱ ቆዳው እግር በሚመስለው ፎርማ ላይ ሲወጠር አልደርስ አለ። ጌታችን በጉጠት ሳበው፤ ተተረተረ። ሌላ አመጣ፤ እሱም ተተረተረ።

«ማነው የቀዳው?»

እኔ ቢላዋዬን መሳል ጀመርኩ። ጓደኛዬ ደግሞ ሳይቀልድ ማለፍ አይችልም። «ምን ቸገረን ጋሼ፣ ተረከዝ ለሌለው ሰው እንሸጠዋለን» አለ።

«ትስቃለህ? አንተ ነሃ!»

አንጓውን ጨምድዶ እጁን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አጋደመና በመዶሻ መታው። ድምፁ እንደ ሸንኮራ ነበር፣ ሲሰበር። ጓደኛዬ አልጮኸም፤ እኔን አየኝ። መዶሻው ሁለተኛ ሲነሣ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ጌታችንን በቴስታ አፍንጫው ላይ አልኩት። ደሙ ቆዳው ላይ ተረጨ። ቢላዋ አንሥቶ ክንዴን ሰነጠቀው፤ እኔም ጉሮሮውን ይዤ ከግድግዳ ጋር ደጋግሜ አላተምኩት። ጎረቤት ገብቶ ባይገላግለን ገድዬው ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። የእኔ ክንድ በአሥራ አምስት ቀን ገጠመ፤ ወጣት ነበርኩ።

ጓደኛዬን ወጌሻ ጋ ወሰድኩት። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ አጥንቱን ሲስበው ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ ደግፌ ያዝኩትና፣ «የቀዳሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ስትቀዳ አይቼሃለሁ» አለኝ፣ ላብ እያጠመቀው።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው የጠበቅኩህ።»

እጁ ጠምሞ ጠገገ፤ ቢላዋ መጨበጥ አቃተው። አባቱ ጋ ወደ ወልቂጤ ሊገባ የተነሣ ዕለት አውቶቡሱ ድረስ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ልሰናበተው እጄን ስዘረጋ፣ እጁ የታመመ ሰው እንደሚያደርገው ክንዱን ሰጠኝ። ከክንዱ ወረድ ብዬ የጠመሙትን ጣቶቹን በሁለት እጄ ያዝኳቸው።

«ሰው ያየናል» አለኝ። እጁን ግን አልነጠቀኝም፣ ሾፌሩ ሞተሩን እስኪያስነሣ ድረስ።