ሙሴ በሳጥን ሄዱ የተባለ ዕለት

ከአገር ወጥቼ፣ ባሕር አጠገብ ባለው ሀራሙስ በሚባል ሰፈር የሠራሁበት ቤት ጌታ ጡረታ የወጡ ፈረንሳዊ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ እንዳገራችን የድሮ የፈረንጅ አጠራር «ሙሴ» ስትላቸው ሰምቼ እኔም ሙሴ አልኳቸው፤ እሳቸውም ለመዱት። የጓሮውን ትልቅ ክፍል ሙዚየም አድርገውታል። ግድግዳው ላይ የእንጨት ፕሮፔለር ተሰቅሏል። በመስታወቱ ውስጥ የፓይለቶች የቆዳ ቆቦች፣ የከፍታ መለኪያዎች፣ ከሮኬት የተቆረጠ ብረት፣ ከሰማይ የወደቀች አንዲት ጥቁር ድንጋይ አሉ። ድንጋይዋን ሳላማትብ አንስቻት አላውቅም። መኻል ላይ ደግሞ አውሮፕላን ሲጋይ ፓይለቱን በባሩድ አስፈንጥሮ የሚያወጣ ወንበር አለ፤ ስወለውለው ፊቴን አዞር ነበር።

«ባሩዱ ወጥቷል እኮ» እያሉ ሙሴ ይስቁብኛል።

የባሕሩ ጨው ብረት ስለሚበላ ሁሉም በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ሐሙስ ከሰዓት ተማሪዎች ሲመጡ ሙሴ ተራ በተራ ወንበሩ ላይ እያስቀመጡ ያስረዷቸዋል። ልጅ ስላልነበራቸው ዕቃውን በአገራቸው ላለ ትልቅ ሙዚየም ሊሰጡ ተስማምተው ነበር። ወሳጆቹ የሚጠበቁት ግን ከፋሲካ በኋላ ነው።

ዐቢይ ጾም ላይ ሙሴ ልባቸው ደከመና ሆስፒታል ገቡ። እሁድ ጠዋት ልብ የሚያግዝ መሣሪያ ደረታቸው ውስጥ ሊገጥሙላቸው ተቀጠረ። ሚስታቸው ማዳም አብረዋቸው አደሩ፤ እኔን «አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሂጂልን» አሉኝ። ቄሱ ስማቸውን ለጸሎት ቢጠይቁኝ የክርስትና ስማቸውን ከየት ላምጣው? «ሙሴ ይበሉልኝ» አልኩ። አባቴ ደሴ ላይ ሲሞት መንገድ አልቀናኝም፣ አልቀበርኩትም። እኚህም እንደዚያው እንዳያመልጡኝ ነበር ልመናዬ።

ቅዳሴ እንደወጣን ስልኬ ጮኸ። የቤቱ ዘበኛ ናቸው፤ አማርኛን ድሬዳዋ ገበያ ላይ የለመዱ ሶማሌ ሽማግሌ።

«ወላል፣ እህቴ፣ ሙሴ አልቋል።»

«ምን አሉኝ?»

«አልቋል። ሰዎች መጡ፣ ሳጥን አመጡ። ሙሴ ሳጥን ገባ፣ ምስማር መቱ፣ ኤርፖርት ወሰዱ። ፈረንሳይ ይሄዳል። ቶሎ ነይ፣ ማን ይጠርጋል?»

በዚያ ሙቀት ሬሳ ስለማይቆይ መቸኮላቸው አልገረመኝም። የማዳም ስልክ ዝግ ነው። ደጀ ሰላሙ ላይ ቁጭ አልኩ። አብረውኝ ያስቀደሱት ሴቶች ነገሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ የእኔንም እነሱ አዘቀዘቁልኝ። ሚኒባስ ይዘን ወደ ሀራሙስ ሄድን። ሹፌሩ አይቶን፣ ማንም ሳይነግረው ሙዚቃውን አጠፋ።

አብራን የመጣችው፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ሱቅ ያላት ጓደኛዬ ገና ከበሩ ደረቷን መምታት ጀመረች። ዘበኛው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ማን ሞተ?»

«ሙሴ ናቸዋ!»

«ሚስዮ? ሚስዮ አልሞተም። ማዳም አሁን በቤት ስልክ ደወለች፤ መሣሪያው ገባ፣ ደህና ነው፣ ውሃ ጠጣ አለች።»

«ታዲያ ሳጥን የገባው ማነው?»

ሰውዬው በእኔ ሞኝነት አዝነው እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ፤ የክፍሉን በር ከፍተው «ሙሴ» አሉ። ክፍሉ ባዶ ነው። ፕሮፔለሩ የነበረበት ቦታ ብቻ ግድግዳው ላይ ነጥቶ ይታያል። የጭነት አውሮፕላን ቦታ ተገኘ ብለው ወሳጆቹ ከቀናቸው ቀድመው መጥተው ኖሯል። ሙዚየም በፈረንሳይኛ ሙዜ ነው፤ ሶማሊኛ ደግሞ «ዘ» ስለሌለው ሙሴ ይሆናል፤ ጌታዬ ለዘበኛው ሚስዮ ናቸው። ሽማግሌው በአፋቸው የመጣላቸውን በትክክል ነው የነገሩኝ።

ግድግዳውን ተደግፌ ተመስገን አልኩ።

«እንግዲህ ይሄን ሁሉ እንባ ለማን ልስጠው?» አለች ጓደኛዬ። «ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ጠርተሽን!»

«እኔ ሞተ አላልኩም» አሉ ዘበኛው ተቀይመው። «አልቋል ነው ያልኩት።»

«አባባ፣ እኛ ዘንድ ሰውም ያልቃል» አልኳቸው።

ሳቁ ሲበርድልን ነጠላችንን አስተካክለን ለበስን። ወጥተናልና እንጠይቃቸው ተባለ፤ ለቅሶው ጥየቃ ሆኖ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሁለት ሰው ብቻ ይግባ ቢባልም ሁላችንም በሩ ላይ ተኮለኮልን። ሙሴ ፊታቸው ገርጥቷል፣ ዓይናቸው ግን ያየናል።

«ዕቃውን ወሰዱት?» አሉኝ፤ ዘበኛው ለማዳም በስልክ ነግረዋቸው ኖሯል።

«ወሰዱት።»

«ወንበሩንም?»

«ወንበሩንም።»

ሴቶቹን በአገጫቸው አመለከቱ። «እነዚህ ሁሉ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ሊቀብሩዎት ነበር» አልኩና ከነምክንያቱ ነገርኳቸው። በእጃቸው ደረታቸውን ያዙ። «አታስቂኝ፣ ስፌቱ ይፈታል» አሉ። ማዳም ግን ፊታቸውን በመሐረብ ሸፍነው ሳቁ፤ ከሳቁ ውስጥ ልቅሶም ነበረበት።

ሴቶቹ ምሕረቱን ያውርድልዎ ብለው ወጡ። እኔ አልጋው አጠገብ ቀረሁ። የምጠይቃቸው ነገር አልነበረኝም፣ ድምፃቸውን ልስማ ብዬ ነው።

«ሙሴ» አልኳቸው።

«ዊ» ብለው አቤት አሉኝ።