ድንበር ላይ የቆመው በረዶ

ስለ አድማሴ ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ ብትጠይቁ፣ ብዙው ሰው ከስሙ ይልቅ «አያ ተመስገን» ማለት ይቀናዋል። በሬው ገደል ገብቶ ሲሞትበት ተመስገን ብሏል። ታሞ ጎንደር ሐኪም ቤት ሰንብቶ ሲወጣም እንዲሁ። ሚስቱ ዝናሽ፣ «ይኼ ሰውዬ ቢወድቅ እንኳ መሬቱን አመስግኖ ነው የሚነሣ» እያለች ትቀልድበታለች። ሰላም ያለው ሰው ነበር። ሰላሙን ያጣው አምና፣ ገብሱ ዛላ ባወጣበት ወቅት ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ሲያባራ አድማሴ ወደ ማሳው ሮጠ። ገብሱ ውሃ ያንጠባጥባል እንጂ አልተሰበረም። በረዶው ልክ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቆሟል። እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» ብሎ ጮኸ።

ከድንበሩ ማዶ ጎረቤቱ አዳነ ቆሞ ነበር። የእሱ ገብስ ከጭቃ ጋር ተለውሶ አንድም የቆመ አገዳ አልቀረም። አዳነ ጎንበስ ብሎ የወደቀ ዛላ አነሣ፣ በመዳፉ አሽቶ አየው፣ ጥሎትም ሄደ።

ከዚያ ወዲህ «ተመስገን» የሚለው ቃል ከአድማሴ አፍ ጠፋ። በእኛ አገር «እንዴት አደርህ» ለሚል ሰው መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። አድማሴ ግን አዳነ ሲጠይቀው «ደኅና» ብሎ ያልፋል። ኋላማ በላይኛው መንገድ መዞር ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለምም ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። ያመሰገንሁት የእኔ ስለ ተረፈ ነው ወይስ በእሱ ላይ ስለ ወረደ? እያለ ራሱን ይጠይቃል፤ የሚመልሰውን ግን አያምነውም።

«ምነው ዝም አልህ?» አለችው ዝናሽ።

«አፍሬ ነው።»

«ማንን?»

«እግዜርንም አዳነንም።»

ገብሱ ደረሰ። ያማረ አዝመራ ነበር፤ ማማሩ ለአድማሴ ክስ ሆነበት። አጨዳውን ዛሬ ነገ እያለ አቆየው። አንድ ጠዋት ወደ ማሳው ሲወርድ አዳነ ማጭድ ይዞ ድንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«እንዴት አደርህ፣ አያ አድማሴ?»

«ደኅና።»

«ደኅና ብቻ? ከእግዜር ጋር ተጣላህ እንዴ?»

አድማሴ መሬት መሬት አየ። «ያን ቀን ሰምተኸኛል።»

«እንዴት አልሰማ! ጎንደር ድረስ ነው የጮኽኸው።» አዳነ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን ጠልቼሃለሁ። የእሱም በተመታ ብያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የከፋኝ ሌላ ነው። ገብሴን በረዶ ወሰደው፣ አንተ ደግሞ ሰላምታህን ነሣኸኝ። የበረዶውስ ከላይ ነው፤ ያንተ ከየት ነው?»

«ዞር ብዬ ማየት ነበረብኝ» አለ አድማሴ። «ከጎኔ ቆመህ አላየሁህም። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬ ነው ማጭድ ይዤ የመጣሁት። ወፍ ሳይጨርሰው ተነሥ።»

«እንግዲያ ክምሩ የጋራችን ይሁን።»

አዳነ ፊቱ ተለወጠ። «ለምጽዋት አልመጣሁም።»

«ምጽዋት አይደለም። ብቻዬን ልበላው አልቻልሁም፤ ካንተ ጋር ካልሆነ አይወርድልኝም።»

አዳነ በታችኛው ጫፍ ገብቶ ማጨድ ጀመረ። አድማሴ ከላይ ጀመረ። እያጨዱ ተቀራርበው መካከል ላይ ሲገናኙ አድማሴ አንገቱን ደፍቶ «ተመስገን» የሚመስል ነገር አጉተመተመ።

«ጮክ በል እንጂ፣ አልሰማሁህም» አለው አዳነ።

አድማሴ ጮክ ማለት አልቻለም፤ ዛሬም አይችልም። ጸጸቱም ጨርሶ አልለቀቀውም። ግን ይተኛል፣ ይስቃል፣ የሰው ፊትም አይሸሽም። ዝናብ ባባራ ቁጥር አስቀድሞ ወደ ጎረቤቶቹ ማሳ ይሄዳል፤ የራሱን የሚያየው ሲመለስ ነው።