ወደ ዝናቡ የዞረው በር

አፈር ሲናድ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ያስደነግጠኛል። አዲስ አበባ ከመሥሪያ ቤቴ ጎን ለፎቅ መሠረት ሲቆፈር፣ የጉድጓዱ አንድ ጥግ «ድም» ብሎ በወረደ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ብድግ እላለሁ፤ ባልደረቦቼም የአሮጌ ቤት ታሪክ እያጠናች ለሕዝብ የምታሳይ ሴት አዲስ ፎቅ ያስፈራታል እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ ያደጉት ወንዝ እየገመሰ በሚበላው ዳር ላይ አይደለም።

ቤታችን ከሮቢት ወጣ ብሎ ጎሊና ወንዝ አጠገብ ነበር። እኔ ሳልወለድ አባቴ በገዛ እጁ የሠራው ክብ የሣር ቤት ሲሆን፣ በሩ የሚከፈተው ወደ ወንዙ ነበር፤ በበጋ ውሃው ቀጥኖ በጠጠሩ መሐል ሲንሿሿ፣ እማዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ማሽላ እየለቀመች፣ ግመል እየጎተቱ በማዶ የሚያልፉትን አፋሮች ሰላም ትላቸው ነበር። ሰኔ ሲገባ አባዬ ዘሩን ዘርቶ ይጨርስና፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ወንዶች ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶ፣ ማሽላው ሲደርስ ይመለስ ነበር። በመካከሉ ስልክ የለ፣ ወሬ የለ፤ በሕይወት መኖሩን የምናውቀው ከአውቶቡስ ሲወርድ ስናየው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ዓመት ክረምቱ ከፋ። እኛ ቆላ ላይ ብዙም ሳይዘንብ፣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ድንጋይ እያንከባለለ መጥቶ የወንዙን ዳር ይገምሰው ጀመር። መጀመሪያ የበጎቹ በረት ሄደ፣ ቀጥሎ ሥሯ የምንጫወትባት ግራር ሄደች፣ በመጨረሻም በበራችንና በገደሉ መካከል የቀረው ቦታ አንዲት ላም የማያዞር ሆነ። እማዬ እንቅልፍ አጣች።

በእኛ አገር ጎጆ ቦታ ሲቀይር ጣራው አይፈርስም። አዲሱ ግድግዳ አስቀድሞ ይቆምና፣ ጣራው እንዳለ በሰው ትከሻ ተነስቶ ይሄዳል። ይህን የሚያስተባብረው ጎረቤታችን አያ ሰይድ ነበር፤ ድምፁ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ ሽማግሌ ነው። እማዬ ብታስጠራው፣ መጥቶ ገደሉን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ብርቄ፣ አባወራው በሌለበት ቤት ማንሳት ደግ አይደለም። ይመር እስቲመጣ ልጅሽን ይዘሽ እኛ ዘንድ ክረሚ» አላት።

«ወንዙስ አባወራውን ይጠብቃል?» አለች እማዬ። «ይመር መጥቶ ምን ሊያገኝ ነው? ሰው ካልመጣልኝ ብቻዬን እጀምራለሁ።»

የምሯን ነበር። በማግስቱ ጠዋት፣ ከወንዙ ርቆ አውራ ጎዳናውን በሚያዋስነው የእርሻችን ጫፍ ላይ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ጉድጓድ ስትምስ ተገኘች። አያ ሰይድ ትንሽ አጉረምርሞ ዶማውን ይዞ መጣ፤ እሱ ሲመጣ ሌላውም ሁሉ መጣ።

ግድግዳው ሲተከል ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሳ፤ እማዬ በሩ በጎዳናው በኩል ይሁን አለች።

«ኧረ ተይ፣ ዝናቡ የሚመታው እኮ በዚያ በኩል ነው!» አለ አያ ሰይድ።

«ይምታ።»

«ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ስትጠርጊ ልትኖሪ ነው?»

«እጠርጋለሁ።»

ምክንያቷን አልተናገረችም። አያ ሰይድም «ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ ይቺ ሴት!» ብሎ በሩን ወዳለችው አደረገው።

ጣራው በተነሳ ዕለት ዞር በይ ተብዬ ነበር፤ እኔ ግን ወንዶቹ ለማንሳት ሲያጎነብሱ ሹልክ ብዬ ከሥሩ ገባሁ። «ያ አላህ!» አለ አያ ሰይድ፣ «እመብርሃን!» አሉ ሌሎቹ፣ የአባቴም ቤት ከመሬት ተነሳ። ከላዬ ጢስ ያጠቆረው እንጨት፣ በዙሪያዬ ደግሞ እግር ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ሰውን ሁሉ በተረከዙ እየለየሁ፣ እነሱ ሲቆሙ እየቆምኩ፣ ሲሄዱ እየሄድኩ፣ ቤቴ ውስጥ እንዳለሁ አዲሱ ቦታ ደረስኩ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም። ዛሬም የማንንም ቤት ሳጠና መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ሲሠራ ማን ማን እንደነበረ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ወንዙ የድሮውን ቦታችንን ወሰደው። በቀረው ክረምት ዝናቡ እንደተባለው በበሩ ይገባ ነበር፣ እማዬም እንዳለችው ትጠርግ ነበር።

ኅዳር ላይ ማሽላው ደርሶ፣ እማዬ ወፍ ልትጠብቅ እርሻ ውስጥ ገብታ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከዋጃ በቆቦ አድርጎ የመጣው አውቶቡስ አንድ ሰው አወረደ። አባዬ ነበር። ጥቅልሉን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ፣ እግሩ በለመደው መንገድ በአጠገባችን አልፎ ወደ ወንዙ ሄደ። ብጮኽ አልሰማኝም። ሮጬ ስደርስ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ነበር፤ ቤቱ በነበረበት ቦታ ምንም የለም።

«አባዬ!» ስለው ዞር አለ፤ አላመነኝም፤ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ዳበሰኝ።

«እናትሽስ?»

«እርሻ ናት። ቤቱም አለ፣ ሄዶ ነው።»

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እማዬ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች ስትመጣ፣ አባዬ ቤቱን ዞሮ አይቶ በሩ ፊት ቆሞ ነበር።

«ምነው ብርቄ፣ በሩን ወደ ዝናቡ?»

«ዝናቡንማ እጠርገዋለሁ» አለችው። «አንተ ስታልፍ ማን ያይልኝ ነበር?»

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። እማዬ ቆቦ ከተማ ቆርቆሮ ቤት ከገባች ወዲህ ጎጆውን ምስጥ ይበላው ስለነበር፣ ስለ ሰው መኖሪያ ባዘጋጀሁት ዐውደ ርዕይ ላይ እንዲታይ አለቆቼን ጠየቅሁ። የሣር ቤት ምኑ ይታያል አሉኝ፤ ተከራከርኩ። የፈቃድ ደብዳቤ እስኪመጣ ጠብቂ አሉኝ፤ «ምስጡስ ደብዳቤውን ይጠብቃል?» አልኳቸው። ቤቱን የለካው ባልደረባዬ ንድፉ ላይ በሩን «የአቀማመጥ ስህተት» ብሎ ጻፈው፤ አስቀምጬ ታሪኩን ነገርኩትና ራሱ ሰረዘው። ያኔ በጸሎትና በጩኸት እንዳለ የተራመደው ቤት፣ አሁን እያንዳንዱ እንጨት ምልክት ተደርጎበት፣ ተፈታቶ፣ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገባ። አዳራሹ ውስጥ ስናቆመው ሠራተኞቹ ለመብራቱ እንዲመች በሩን ወደ ጓሮ እናዙረው አሉ።

«ወደ መግቢያው» አልኩ።

እማዬ በመክፈቻው ዕለት መጥታ ግድግዳውን ዳበሰች፣ ጣራውን ቀና ብላ አየች፣ ከዚያም እንደ ድሮዋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«እዚህስ የሚጠረግ ዝናብ የለም» አለች።

«የለም፣ እማዬ።»

ያኔ በዚያ በር የምትጠብቀው አንድ ሰው ነበረ፣ መጣላትም፤ አሁን የማታውቀው ሰው ሁሉ ይገባል፣ እሱ አይገባም። ቢሆንም እስክንሄድ ድረስ ዓይኗን ከመግቢያው አልነቀለችም። እኔም ዐውደ ርዕዩ እስኪዘጋ ድረስ ያን በር አላስዞርኩትም።