በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት

አዲስ አበባ ጋዜጣ ቤት ስሠራ የሰው ሞት በሦስት መስመር ጽፌ እገላገል ነበር። ባሌን ያወቅሁትም ጽሑፌ አናዶት ሊጣላኝ ሲመጣ ነው። ካገባሁት ወዲህ ግን ወሬ መጻፉ ቀርቶ ወሬ መደበቅ ሆነ ሥራዬ።

ጣሊያን ሲገባ ባሌ አገሩ ጎጃም ገብቶ ሸፈተ፤ የቡሬና የሽንዲ አርበኛ አለቃ አደረገው። ኋላም ሱዳን ተሰደደና ከዚያ ሆኖ ያዋጋ ጀመር። እኔን ቡሬ አጠገብ እናቱ ዘንድ ጥሎኝ ሄደ። ሞኝ ነኝ፣ ለሁለት ወር መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ለጣሊያን ያደረው የቡሬ ሹም መጣ። «ባልሽ እስከ መስቀል እጁን ካልሰጠ፣ ቤቱን አቃጥላለሁ፤ እናቱንም አስራለሁ» አለኝ።

በሞተ ሰው ላይ ማን ይዝታል? ቁጭ ብዬ ከመተማ የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ጻፍሁ፤ በወባ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እውነት ስጽፍ እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም! ደብዳቤውን በነጋዴ እጅ ለሽማግሎች አደረስሁ፤ እነሱም ማለዳ መጥተው አረዱን። ከእኔ ሌላ ምስጢሩን የሚያውቁ አማቴ ብቻ ነበሩ።

«እመይቴ፣ አደራ፣ አልቅሱ» አልኋቸው።

«ልጄ ቆሞ እየሄደ? ምን ዓይነት ሟርት ነው!» አሉኝ። ለቅሶው ላይ ግን ፊታቸውን ነጩ። እኔም ፀጉሬን ተላጨሁ። ሹሙ ከሰው ጋር ተቀምጦ ንፍሮ ሲቆረጥም አይቼ እፎይ አልሁ።

በአርባው ቀን ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ የሟቹን የክርስትና ስም ጠሩ። ክው አልሁ። የባሌ ስም አይደለም! አማቴን ባያቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አቀርቅረዋል። ልጃቸው በቁሙ ከሙታን ጋር እንዳይጠራ ብለው የሞተ ወንድማቸውን ስም ለቄሱ ሰጥተው ኖሯል። ይሁን፣ ማን ያውቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የክርስትና ስም በየሜዳው አይጠራም።

ሹሙ ግን ቀና አለ። ለካስ ባሌን ክርስትና ያነሱት የሹሙ አባት ናቸው።

ስንወጣ የአማቴን ጉልበት ሳመ። «እመይቴ፣ ነፍስ ይማር» አለ። «ግን የማንን?»

 አማቴ እጄን ጭብጥ አደረጉ።

በማግስቱ ወሰዳቸው፤ ቤቱም ነደደ። ክረምቱ ሲገባ እስር ቤት ሞቱ የሚል ወሬ መጣ። ሬሳቸውን ያየ ግን አልነበረም። ያው ቄስ ፍትሐት ሊያደርሱ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁኝ። አውቀዋለሁ፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ።

የሟች እናቴን ስም ሰጠኋቸው።