ለገመቹ የሰጠሁት ዘጠና ሰባት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የተሰጠኝ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የኋላ ወንበርና ሃያ አምስት መመዘኛ ያለው ቅጽ ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. ነበር። ጊንጪ ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን እንደያዝኩ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ቀጠረኝ። ሥራዬ የአንደኛ ደረጃ ሰልጣኝ መምህራንን ልጆች ፊት እንዴት እንደሚቆሙ፣ እንዴት እንደሚጠይቁ፣ ሰሌዳውን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ማሳየት ነው። እኔ ራሴ አንደኛ ደረጃ አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ቅጹን የሰጡኝ ዲናችን ኦቦ ፈይሳ ናቸው። «አዴ አስቴር፣ ከኋላ ትቀመጫለሽ፣ ታያለሽ፣ ትሞያለሽ። በቃ» አሉኝ።

አገላብጬ አነበብኩት። ሰልጣኙ ንጹሕ ለብሷል? ዕቅዱ ተፈርሞበታል? መርጃ መሣሪያውን ከአካባቢው ቁሳቁስ ራሱ ሠርቷል? ተማሪዎችን በቡድን አወያይቷል? የተሳሳተ መልስ በማበረታታት አርሟል? እንዲህ እያለ ይቀጥላል፤ እያንዳንዱ አራት ነጥብ፣ ድምሩ መቶ።

«ኦቦ ፈይሳ፣ ልጆቹ ተማሩ ወይ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ ፈለጉ። በመጨረሻ «እሱ በተዘዋዋሪ ተካቷል» አሉ።

ሰልጣኞቻችን የሚለማመዱት አምቦ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ለመንገድ ስለሚቀርብ ሁላችንም አምስተኛ ‹ሀ›ን እንወዳለን። ሒሳብ የሚሰጠው በኦሮምኛ ነው፤ እኔ እዚህ በአማርኛ እነግራችኋለሁ። እነዚያ ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያዩት ሰልጣኝ ብዛት የትየለሌ ነው። ክፍልፋይን ብቻ እንኳ ስንቴ እንደተማሩት እነሱ ራሳቸው አያውቁትም።

የክፍሉ አለቃ ቦንቱ የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ሰልጣኙ መግቢያው ላይ ተንተባትቦ ቆመ። ቦንቱ ከፊት ዴስክ ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ መግቢያው አልቋል። አሁን ቡድን ነው» አለችው። ሰልጣኙም «በቡድን ሁኑ» አለ። ልጆቹ ዴስኩን ሳያንኳኩ፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ እንደ ወታደር ዞሩ። እኔም ከኋላ «የክፍል አያያዝ» በሚለው ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ ትምህርቱ ሳይጀመር ኮሪደሩ ላይ ቦንቱ ልጆች ሰብስባ ሰማኋት። «ዛሬ የምትሳሳተው አንቺ ነሽ። ትናንት ቶላ ተሳስቷል። አደራ፣ በጣም አትሳሳቺ፤ ትንሽ ነው!» ትላለች። ለካ ሰልጣኙ እርማት የሚሰጥበት ስሕተት እንዳያጣ ተረኛ መድበዋል! አይ ጉድ!

ይህን ምሳ ላይ ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። አንዱ «ቦንቱን ቀጥረን እኛ ጡረታ እንውጣ» አለ። ከሳቃችን በኋላ ግን ማንም ምንም አላደረገም። እኔም ከሰዓት ተመልሼ ያችኑ ወንበር ያዝኩ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ገመቹ መጣ። የእንጭኒ ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ቁመናው ያማረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ክፍልፋይ ሊያስተምር ከካርቶን የተሠራ ክብ ይዞ ቀረበ። ክቡ ጀርባ ላይ አምስት የቀድሞ ሰልጣኞች ስም ተጽፎ ተሰርዟል። «ራሱ ሠርቷል» የሚለው ላይ አንድ ነጥብ ቀነስኩ፤ ቸር ነኝ። ጥያቄ ሲጠይቅ የእጅ ደን በቀለ። ቦንቱ ክፍሉን ብትለቅም ተራው አልቀረም፤ ተረኛዋ ተሳሳተች፤ «ጥሩ ሙከራ ነው» ብሎ አረማት። ዘጠና ሰባት ሰጠሁት። በዚያ ዓመት ትልቁ ነጥብ ነበር፤ ኦቦ ፈይሳ በጭብጨባ አስመረቁት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ገመቹ ጎጆ የምትባል የደጋ ከተማ ተመደበ። ዓመቱ ሳይጋመስ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ኦቦ ደረሳ ለወረዳው ደብዳቤ ጻፉ፦ ይህ መምህር ክፍል መምራት አይችልም፣ የሙከራ ጊዜውን ሳይጨርስ ይሰናበት። ወረዳው ደግሞ ከመወሰኑ በፊት የኮሌጁን ቃል ፈለገ። ኦቦ ፈይሳም «ዘጠና ሰባቱን የሰጠሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ሄደሽ ተናገሪ» ብለው ላኩኝ።

ያ መንገድ ሰው ያንገላታል። ጎጆ ስደርስ ወገቤ የእኔ አልነበረም፤ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። ክፍሉ ውስጥ ሰባ ስምንት ልጆች አራት አራት ሆነው ተቀምጠዋል። ከጭቃና ከገብስ መሐል መጥተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ገመቹን ያያሉ። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ሄድኩ። ኦቦ ደረሳ አጠገቤ ተቀመጡ።

ገመቹ ያንኑ ክብ አነሣ። «ግማሽ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ።

እጁን ለመጠቆም ዘርግቶ ጠበቀ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። አንድም እጅ አልወጣም። ከዚያ ማንም ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» አለ። ወይ ነዶ! ምን ያድርግ፣ ከጥያቄ በኋላ የሚመጣው እሱ ነው ብለን አስተምረነዋላ።

«ገባችሁ?» አለ። «አዎ!» አለ ሰባ ስምንቱም በአንድ ድምፅ። ምንም አልገባቸውም።

አላስቻለኝም። እዚህ ላይ ነው ሞኝነቴ። «ጠመኔውን ወዲህ በል፣ ላሳይህ» ብዬ ተነሣሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ባለቤት፣ የማስተማር ዘዴ መምህር፣ አስቴር ወደ ፊት ወጣች።

ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ። እጅ ሲጠፋ አንዷን ልጅ በጣቴ ጠቆምኩ። ተነሣች፣ ጋቢዋን አፏ ላይ ጨመቀች፣ ከዚያ ታለቅስ ጀመር። ደነገጥኩና «በቡድን ሁኑ!» አልኩ። አቤት የተነሣው ትርምስ! አግዳሚው ተገለበጠ፣ አንዱ እግሩን ተቀጠቀጠ፣ ሦስቱ ለሽንት ብለው ወጥተው በዚያው ቀሩ። ቦንቱ በዐይኔ መጣችብኝ፤ ናፈቀችኝ ብል ይሻላል። ውጭ የተሰቀለው ቸርኬ ሲደወል «ተመስገን!» ያልኩት ጮክ ብዬ ነው።

ዞር ስል ኦቦ ደረሳ ቅጽ ይሞላሉ። የእኛው ቅጽ ነው፤ ኮሌጃችን ለየትምህርት ቤቱ በትኖታል።

«እኔንም ሞሉኝ እንዴ?» አልኳቸው።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ስንት አመጣሁ?»

«ኧረ ይተዉት፣ አዴ አስቴር።»

«ይንገሩኝ!»

«አርባ አንድ። ቅር እንዳይልዎት፤ ቅጹ ነው። ንጹሕ ለብሰዋል፣ እሱን ሙሉውን ሰጥቻለሁ።»

ገመቹ ከክፍሉ ጀርባ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ላጽናናው ሄጄ እሱ ቀደመኝ። «እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ ባርሲሳ፣ አስተማሪ ሆነ ብላ ተናግራለች። አሁን ምን ብዬ ነው እንጭኒ የምመለሰው?» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ቲቸር፣ ዘጠና ሰባት ሰጥተውኝ ነበር እኮ። ያኔ ቢጥሉኝ ኖሮ አጠገብዎ ነበርኩ፣ ያሳዩኝ ነበር። እዚህ ማን ያሳየኛል?»

አፈርኩ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን አንገቴን የደፋሁበት የለም።

የነበረኝ ምርጫ ሁለት ነው። «ልጁ አይረባም» ብል ገመቹ ይባረራል፣ የእኔ ስም ይተርፋል። «ልጁ ደኅና ነው» ብል በሰባ ስምንት ልጆች ላይ እዋሻለሁ። ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ ጠዋት ሪፖርቱን ጻፍኩ። ዘጠና ሰባቱን ያመጡት የአምስተኛ ‹ሀ› ተማሪዎች ናቸው፤ ገመቹ ያልተማረው እኔ ስላላስተማርኩት ነው፤ እኔም ትናንት እዚያው ክፍል ገብቼ አልቻልኩም፤ ያመጣሁት አርባ አንድ ነው። ስለዚህ አይሰናበት። አንድ መንፈቅ ከአዴ ዲንቄ ጋር ይቀመጥ።

አዴ ዲንቄ እዚያው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የሚያስተምሩ አሮጊት መምህርት ናቸው። ዲግሪ የላቸውም። በክፍላቸው በር ሳልፍ ቆሜ አየኋቸው፤ ጥያቄ ይጠይቁና ከዴስክ ዴስክ እየዞሩ እያንዳንዱ ልጅ በጆሯቸው እንዲመልስላቸው ያደርጋሉ። ማንም አያለቅስም። ይህ በሃያ አምስቱ መመዘኛ ውስጥ የለም።

ኦቦ ፈይሳ ሪፖርቱን ሲያነቡ ቀሉ። «አስቴር፣ ይህ ከወጣ ኮሌጁ ምን ይባላል? ‹የጎጆ አየር አልተስማማውም› ብለሽ አስተካክይው።»

«ኦቦ ፈይሳ፣ ገመቹ ቡቃያ ነው እንዴ ውርጭ መታው የምለው?»

«እንግዲያው እኔ አልፈርምም።»

«ግድ የለም፣ እኔ ፈርሜበታለሁ» ብዬ ለወረዳው በእጄ አደረስኩት።

ወረዳው ለገመቹ አንድ መንፈቅ ሰጠው። እኔም የመርጃ መሣሪያ ዕቃ ቤት ኃላፊ ሆንኩ፤ ዕድገት ነው ተባለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቶን ከአይጥ ስጠብቅ ቆየሁ። ባልደረቦቼ በበሩ ሲያልፉ «አርባ አንድ፣ አካም ጂርታ?» ይሉኝ ነበር። «ደኅና ነኝ፣ እናንተ ስንት አላችሁ?» እላቸዋለሁ። መንገዳቸውን ይቀጥላሉ፤ እንዲህ ያለ ክፍል ገብተው አያውቁማ።

በተከታዩ ዓመት ማንም ሳይልከኝ ጎጆ ሄድኩ። ገመቹ ራሱን ችሎ ክፍል ተሰጥቶታል። ቅጽ ሳልይዝ ከኋላ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ዕቅዱ መፈረሙን አላውቅም፤ ሸሚዙ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሳይጨርስ አንዲት ልጅ ከመሐል ተነሣችና ጮክ ብላ፣ «ባርሲሳ፣ ናፍ ህንገሌ» አለች። አልገባኝም ማለቷ ነው።

ገመቹ አልደነገጠም፤ «በጣም ጥሩ»ም አላላትም። ጠመኔውን ይዞ ወደ እሷ ሄደ፣ ዴስኩ አጠገብ ቁጢጥ አለ፣ «የቱ ጋ ነው ያልገባሽ?» አላት። አሳየችው። እዚያው ደብተሯ ላይ እንደገና ጀመሩት።

እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም። ከኋላ ወንበር ላይ ስንትና ስንት ዓመት ተቀምጬ «አልገባኝም» የሚል ልጅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። ሰልጣኝን ለእሱ ብለው ማስመሰል ባልለመዱ ልጆች ፊት አቁሙት። ከእሱ በፊት ግን እናንተ ቁሙ።