ፊሽካው ሲነፋ ብስክሌቱ ላይ ማንም አልነበረም

አንተ! "ጀግኖቻችን" እያልክ የልጆቼን ፎቶ ሼር የምታደርገው፣ ዛሬ እንጦጦ ላይ የሆነውን ስማ።

የቀበና ልጆችን የተራራ ብስክሌት የማሰለጥነው እኔ ነኝ። ሃና እና አቤል የሚወዳደሩት በአንድ ብስክሌት ነው። ዓመቱን ሙሉ መጀመሪያ ሴቶች ይነሳሉ። ሃና ጨርሳ ስትመጣ አቤል ኮርቻውን ከፍ አድርጎ ከወንዶቹ ጋር ይነሳል።

ዛሬ የመጨረሻው ውድድር ነበር። ጥሩ ደረጃ ይዞ የገባውን ክለብ ይወስደዋል ተብሏል።

ልንጀምር ስንል አስተባባሪው ማይኩን ይዞ "የክብር እንግዳችን ስለሚቸኩሉ ሴትም ወንድም አንድ ላይ ይነሳል!" አለ።

ሮጬ ሄጄ "ወንድሜ፣ ልጆቼ ብስክሌት ይጋራሉ እኮ!" አልኩት።

"ታዲያ አንዳቸው ይንዳዋ!" ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም።

ስመለስ ሁለቱ ብስክሌቱን ይገፋፋሉ።

"አንቺ ውጪበት፣ ነጥብሽ ይበልጣል።"

"ዝም በል! አንተ ለከርሞ ዕድሜህ ያልፋል።"

"እኔ ልሙት ሃኒ፣ ውጪ!"

ፊሽካው ተነፋ። ሁሉም ሄደ። ብስክሌቱ መሃላቸው ቆሞ ቀረ።

(ቸኳዩ እንግዳ ፎቶ ሲነሱ ግን አልቸኮሉም።)

ያንን ሁሉ ቁልቁለት ብስክሌቱን እየገፉ በእግራቸው ወረዱ። ሁለቱም አልነዳም አሉ። እኔም ከኋላቸው በእግሬ ወረድኩ።

ልጃችሁ እንዲህ መነሻ ላይ የቀረባችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ ብቻዬን አልጩህ።

አንተ ማይክ የያዝከው ግን በውስጥ መስመር እንዳትመጣብኝ። ልጆቹን ሌላ ቀን በየተራ አስነስታችሁ ሰዓት ትይዙላቸዋላችሁ ወይስ አትይዙም? እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ መልስልኝ!